የብራቾ ቦኮላ ቤት ውስጥ መቀየር፦ ከመፈተሽ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ

ብራቾ ጎማውን ከመኪናው አካል (ከሻንሲው) ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው፤ ቦኮላ ደግሞ በብራቾው መገጣጠሚያ ላይ ያለው ባለ ላስቲክ ቀለበት ነው። አዲስ የተገጠመ ቦኮላ በጥቂት ወራት ተቀዶ ድምፁ ሲመለስ ብዙ ሰው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ይደመድማል። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው፦ ቦኮላው ዞሮ ገብቷል፣ ወይም ሲገባ የተገፋው በላስቲኩ በኩል ነው፣ ወይም ቡሎኑ የጠበቀው ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ነው። ከሦስቱ በብዛት የሚያጋጥመው የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ ደረጃ 8ን ሳታነቡ መፍቻ አታንሱ።

መመሪያው የፊት እግሩ በአሞርዛተርና በአንድ የታችኛው ብራቾ ለተሠራ መኪና ነው። አብዛኛው ትንሽና መካከለኛ የቤት መኪና እንዲህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞላው በቀጥታ በታችኛው ብራቾ ላይ የተቀመጠበት መኪና ከሆነ ይህን አካሄድ አትከተሉ። የታመቀ ሞላ ብራቾው ሲፈታ ተስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ሞላ ማጥበቂያ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል።

## መጀመሪያ ይህን እወቁ

ተራው የላስቲክ ቦኮላ ሦስት ነገር ነው፦ የውጭ ቀለበት፣ የውስጥ ቱቦ፣ በመካከላቸው በሙቀት የተጣበቀ ላስቲክ። የውጭ ቀለበቱ ብራቾው ውስጥ በጉልበት ይገባል። የውስጥ ቱቦው ቡሎኑ ሲጠብቅ ከሻንሲው ጋር ተቆልፎ ይቀራል። ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ቱቦው አይዞርም፤ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። ቦኮላው እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ነገር አይደለም። ግራሶ የማይፈልገውም፣ የማጥበቂያው ከፍታ ይህን ያህል ወሳኝ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

## ደረጃ 1፦ ጥፋቱ በእርግጥ የቦኮላው መሆኑን አረጋግጡ

ከፊት የሚመጣ «ኳ» የሚል ድምፅ ሁሉ የቦኮላ አይደለም። ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲለቀቅ አንዴ የሚሰማ ድምፅ፣ በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን መሳብ፣ የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ተለይቶ መበላት ወደ ቦኮላ ያመለክታሉ። በትናንሽ ጉድጓዶች ላይ ተደጋግሞ የሚንኳኳ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ (ስታብላይዘር ባሩን ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ) ነው፤ እሱ ደግሞ በጣም ቀላል ሥራ ስለሆነ ቀድማችሁ አጣሩት።

1. መኪናውን አንስታችሁ በካቫሌቶ (መኪና ተነስቶ የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) አስቀምጡ (አነሳሱ ደረጃ 3 ላይ አለ)።
2. ሌቫ ወይም ረጅም ጠንካራ ብረት በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ፈልቅቁ። ጥቂት ሚሊሜትር መለጠጥ የላስቲክ ተፈጥሮ ነው። የውስጥ ቱቦው ከላስቲኩ ተለይቶ ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ወይም ብረት ከብረት ከተጋጨ ቦኮላው አልቋል።
3. በባትሪ ብርሃን ላስቲኩን እዩ። ላዩ ላይ ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች የዕድሜ ምልክት ናቸው፤ ብቻቸውን ለመቀየር አያበቁም። ጣት ጥፍር የሚያስገባ ቅድ፣ ከቀለበቱ የለቀቀ ላስቲክ፣ ወይም የፈሰሰ ጥቁር ፈሳሽ (ውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው ቦኮላዎች አሉ) ግን ያበቃሉ።
4. ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙ። የብራቾው ቴስቲና (ብራቾውን ከጎማ ተሸካሚው ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ከተንቀሳቀሰ ውሳኔያችሁ ሊለወጥ ነው።

ቦኮላ ብቻ ወይስ ሙሉ ብራቾ? ቴስቲናው ከብራቾው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ከሆነና እሱም ካለቀ፣ ወይም ብራቾው ከተጣመመና ዝገት ከበላው፣ ቦኮላ ተገጥሞለት የሚመጣ ሙሉ ብራቾ ግዙ። መጭመቂያ ለማይገኝበት ሰውም ይህ ያዋጣል፤ ደረጃ 5ንና 6ን ያስቀራል።

## ደረጃ 2፦ ዕቃና መሣሪያ

ቦኮላ፦ በግራና በቀኝ ላሉት ሁለት ብራቾዎች አብዛኛውን ጊዜ 4 ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ብራቾ አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ። የአንድ ጎን ብቻ አትቀይሩ፤ አንዱ ጠንካራ ሌላው ለስላሳ ሆኖ መኪናው በፍሬን ጊዜ ይስባል። የፊቱና የኋላው ቦኮላ ቅርጻቸው ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት በሻሲ ቁጥር አስመሳክሩ።

ቡሎንና ዳዶ፦ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ «አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል» ካለው አዲስ ግዙ። በቶርክ (በተወሰነ የማጥበቂያ ኃይል) ከጠበቀ በኋላ ተጨማሪ ዲግሪ የሚዞር ቡሎን ባጠቃላይ እንዲህ ነው። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶም ሲፈታ መተካት አለበት።

መሣሪያ፦
- ክሪክ፣ 2 ካቫሌቶ፣ 4 ታኮ (የጎማ ማገጃ)
- የቡሶላ ስብስብ፣ ረጅም እጀታ፣ ቶርክ ሬንች
- ቴስቲና ማላቀቂያ
- 16 ሚሜ ውፍረት ያለው፣ ሙሉ ጥርስ የወጣለት ጠንካራ ዘንግ (8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት)፣ ረጃጅም ዳዶዎች፣ 5 ሚሜ ያህል የሚወፍሩ ሮንዴላዎች
- የተለያየ ስፋት ያላቸው የቱቦ ቁራጮች ወይም ትላልቅ ቡሶላዎች
- ካሊፐር፣ የቀለም እስክሪብቶ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ ሴጌቶ፣ የዓይን መከላከያ

ከተራ ግንባታ ዕቃ መደብር የሚገኘው ለስላሳ ባለ ጥርስ ዘንግ ቦኮላው ገና ሳይነቃነቅ ጥርሱን ይጥላል። በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ዝገት ማላቀቂያውን ከአንድ ቀን በፊት በሁሉም ቡሎንና ዳዶ ላይ ርጩ፤ ማታና ጠዋት ድገሙት። ከላስቲኩ ግን አርቁት፤ ቦኮላው የሚጣል ቢሆን እንኳ አጠገቡ ያለው የቴስቲና ኩፊያ (የላስቲክ መሸፈኛ) ይጎዳል።

## ደረጃ 3፦ ለኩ፣ ከዚያ አንሱ

1. መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ። ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ የጎማ አየር ልክ ይሁን።
2. ከማንሳታችሁ በፊት ከጎማው መሐል (ከአክስሉ ጫፍ) ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የአካሉ ቅስት) ጠርዝ ለኩ። በሁለቱም ጎን ጻፉ፤ ለምሳሌ «ግራ 372 ሚሜ፣ ቀኝ 370 ሚሜ»። ይህ ቁጥር የቁም ከፍታችሁ ነው። ያለ እሱ ደረጃ 8 ግምት ይሆናል።
3. ታኮውን ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ እያለ አላሉ።
4. አንስታችሁ ሁለቱንም የፊት ጎኖች በካቫሌቶ ላይ አሳርፉ። አንድ ጎን ብቻ ከተነሳ ስታብላይዘር ባሩ ተወጥሮ ብራቾውን ይገፋል፤ ሊንኩን መፍታትም መግጠምም ትግል ይሆናል።
5. መኪናውን በእጅ ገፋ አድርጋችሁ መቆሙን አረጋግጡ። የፈታችሁትን ጎማ ከጎን በሻንሲው ሥር አስተኙት፤ ካቫሌቶው ቢንሸራተት ሰው የሚያተርፈው እሱ ነው።

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅ እንኳ አታስገቡ።

## ደረጃ 4፦ ብራቾውን ማውረድ

1. የስታብላይዘሩን ሊንክ ከብራቾው ላይ ከታሰረ ፍቱ።
2. የቴስቲናውን ዳዶ ፍቱ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ጥቂት ጥርስ ይያዝ። ድንገት ሲላቀቅ ብራቾው እንዳይመታችሁ ይረዳል።
3. በማላቀቂያው ወጥሩትና ቴስቲናው የገባበትን የብረት ጆሮ ጎኑን በመዶሻ ምቱ። የቴስቲናውን ጥርስ በቀጥታ አትምቱ። ሹካ መሰሉ ማላቀቂያ ኩፊያውን ስለሚቀድ ቴስቲናውን መልሳችሁ የምትገጥሙት ከሆነ አትጠቀሙበት።
4. ቴስቲናው በጎን ቡሎን ተጨምቆ የተያዘ ዓይነት ከሆነ ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጡ (የቴስቲናው እግር ላይ ያለው ጎድጓዳ ይዞት ነው የሚቀመጠው)፣ ስንጥቁን በመሮ ትንሽ ከፍታችሁ ብራቾውን ወደ ታች ጫኑ።
5. ጎማ ተሸካሚው ብረት ሲለቀቅ ወደ ውጭ እንዳይወዛወዝ በሽቦ ወይም በገመድ እሰሩት። ወደ ውጭ ከተሳበ አክስሉ ከውስጥ መገጣጠሚያው ሊወጣ ይችላል፤ የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦም ይወጠራሉ።
6. ብራቾውን ከሻንሲው ጋር ያሰሩትን ቡሎኖች ፍቱ። ቡሎኑ ዙሪያ መስመር ያለበት እንቁላል ቅርጽ ሮንዴላ ካለው አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ) ማስተካከያ ነው፤ ሳትፈቱ ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ቡሎኑ ይዞራል ግን አይወጣም? ከውስጥ ቱቦው ጋር ዝገት አጣብቆታል፤ የሚዞረው ላስቲኩን ይዞ ነው። ርጩ፣ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ አመላልሱ፣ ከኋላ በመዶሻና በመምቻ ዘንግ ግፉ። እምቢ ካለ ቡሎኑን በብራቾውና በሻንሲው መካከል ባለው ክፍተት በሴጌቶ ወይም በግራይንደር ቁረጡ። ቦኮላው የሚጣል ስለሆነ አይቆጭም፤ የሻንሲውን ጆሮ ግን አትንኩ። ግራይንደር ስትይዙ የፍሬን ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ የነዳጅ መስመር የት እንዳለ አስቀድማችሁ እዩ።

ዳዶው ሻንሲው ውስጥ የተበየደ ነው? ሲፈታ እየከበደ ከመጣ አትጨክኑበት። ግማሽ ዙር ፍቱ፣ ሩብ ዙር መልሱ፣ ርጩ፣ ድገሙ። የተበየደው ዳዶ ውስጥ ከተነቀለ ሥራው የአንድ ቀን ሳይሆን የብየዳ ሥራ ይሆናል።

ቡሎኑ ለመውጣት ቦታ አጣ? በአንዳንድ መኪኖች በአንድ ጎን ካምቢዮው ወይም የዘይት ቋቱ ይከለክለዋል። የሞተሩን መያዣ ፈትቶ ሞተሩን በእንጨትና በክሪክ ጥቂት ሴንቲሜትር ማንሳት ያስፈልጋል።

## ደረጃ 5፦ አሮጌውን ማውጣት

መጀመሪያ ምልክት። አንዱ ቦኮላ ክፍት ቀዳዳ ወይም ቀጭን ላስቲክ ያለበት ጎን ካለው አቅጣጫው በአጋጣሚ አይደለም፤ በአንድ አቅጣጫ እንዲለሰልስ፣ በሌላው እንዲጠነክር ተብሎ ነው። ቀዳዳው የሚያይበትን አቅጣጫ በብራቾው ብረት ላይ በቀለም መስመር አውጡ፣ ፎቶ አንሱ። ቀለበቱ ከብራቾው በሁለቱም ፊት ምን ያህል እንደወጣ በካሊፐር ለኩ፤ ለምሳሌ «ከፊት 3 ሚሜ፣ ከኋላ 6 ሚሜ»። ግራና ቀኝ ብራቾ የመስተዋት ምስል ስለሆኑ የአንዱን ምልክት ለሌላው አትቅዱ።

መጭመቂያ አሠራር። ሁለት ቱቦ ምረጡ። የቦኮላው ቀለበት ውጫዊ ስፋት 45 ሚሜ ነው እንበል፦
- ገፊው፦ ውጫዊ ስፋቱ 43 ወይም 44 ሚሜ። ቀለበቱ ላይ ይቀመጣል፣ ከቀለበቱ ጋር ቀዳዳው ውስጥ ያልፋል።
- ተቀባዩ፦ ውስጣዊ ስፋቱ 48 ሚሜ ገደማ። ብራቾው ላይ ያርፋል፣ የወጣውን ቦኮላ ይውጣል።

ዘንጉን በመሐል አሳልፉ፣ በሁለቱም ጫፍ ወፍራም ሮንዴላና ዳዶ አድርጉ፣ ጥርሱን በግራሶ ቀቡ፣ አንዱን ዳዶ ይዛችሁ ሌላውን አጥብቁ። ቀለበቱ በአንድ ጎን ከንፈር ካለው ከንፈሩ ወዳለበት ጎን ግፉት፤ በተቃራኒው ከገፋችሁ ብራቾው ይጣመማል እንጂ አይወጣም። መጀመሪያ የሚሰማው ጠንካራ «ጧ» የሚል ድምፅ የዝገቱ መላቀቅ ነው፤ አትደንግጡ። ዘንጉ እየተጣመመ ከመጣ ግን ቁሙ።

ካልወጣ፦
1. ብራቾውን ሞርሳ ላይ እሰሩ። ላስቲኩን ዙሪያውን በትራፓኖ እየበሳችሁ መሐሉን አውጡ።
2. የሴጌቶውን ምላጭ ፈትታችሁ በቀዳዳው አሳልፉና መልሳችሁ እሰሩት። የውጭ ቀለበቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በአንድ መስመር ቁረጡ።
3. ብራቾው ብረት ሳትደርሱ ቁሙ። መጋዙ መስመሩ ውስጥ የቀለም ለውጥ ወይም የድምፅ ለውጥ ሲያሳይ ደርሳችኋል ማለት ነው።
4. የተቆረጠውን ጠርዝ በመሮ ወደ ውስጥ አጥፉት፤ ቀለበቱ ይላላና ይወጣል።

ላስቲኩን በእሳት አቃጥሎ ማውጣት የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ጭሱ መርዝ ነው፣ የቴስቲናው ኩፊያና ግራሶ ይቃጠላሉ፣ ብራቾው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል።

## ደረጃ 6፦ አዲሱን ማስገባት

1. ቀዳዳውን በሽቦ ብሩሽና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ዝገት ይነሳ እንጂ ብረት አይቀንስ። ጠርዙ ላይ የቆመ ስለት ካለ በሞረድ አስተካክሉ።
2. አዲሱን ቦኮላ ካሊፐር አድርጋችሁ ከቀዳዳው ጋር አነጻጽሩ። ቀለበቱ ከቀዳዳው ጥቂት የሚሊሜትር ክፋይ መብለጥ አለበት። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ከሆነ ወይ ዕቃው አይደለም፣ ወይ ቀዳዳው ሰፍቷል። በብየዳ ነጥብ ወይም በሙጫ አታስይዙት፤ ሙሉ ብራቾ ግዙ።
3. ባለ ብረት ቀለበት ቦኮላውን ሌሊቱን በረዶ ቤት አሳድሩት። የሚያሳንሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ተአምር አትጠብቁ፣ ግን አጀማመሩን ያቀላል። ስታወጡት ጤዛውን ጥረጉ።
4. ምልክቱን አመሳስሉ፣ በጠባቡ ጠርዝ በኩል አስጀምሩ። ቀዳዳውን በቀጭኑ በሳሙና ውሃ ማርጠብ ይቻላል። የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ አይነካው፤ ላስቲኩን ያሳብጡታል።
5. ገፊው የውጭ ቀለበቱን ብቻ ይንካ። የውስጥ ቱቦውን ወይም ላስቲኩን ከገፋ ላስቲኩ ከቀለበቱ ይላቀቃል፤ ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን የተቀደደ ቦኮላ ገጠማችሁ።
6. ሩብ ዙር አጥብቁ፣ ዙሪያውን እዩ፣ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። የመጀመሪያዎቹ 5 ሚሜ ቀጥ ካሉ ቀሪው ይከተላል። ዘመም ካለ «ሲጠብቅ ይስተካከላል» አትበሉ፤ ወዲያው አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።
7. በጻፋችሁት ልክ ላይ ሲደርስ ቁሙ። ከንፈር ካለው ከንፈሩ ዙሪያውን ብራቾው ላይ ሲያርፍ ነው ማብቂያው።

ዞሮ ከገባ፦ 5 ዲግሪ እንኳ በአንዳንድ መኪና ላይ ያስታውቃል። በመፍቻ ይዞ ለማዞር መሞከር ቀለበቱን ያበላሸዋል፤ ግፉትና አውጡት።

የፖሊዩሬቴን ቦኮላ ከሆነ የተለየ ነው፦ ሁለት ግማሽ ሆኖ በእጅ ይገባል፣ የውስጥ ቱቦው በነፃ ይዞራል፣ አብሮት የመጣውን የሲሊኮን ግራሶ ይፈልጋል። ደረጃ 8 ላይ የሚነገረው መጠማዘዝ አይነካውም። በምትኩ የመንገዱን ንዝረት በይበልጥ ያሰማል፣ ግራሶው ሲደርቅ ይጮኻል። ለዕለት ተዕለት መኪና ላስቲኩ ይሻላል።

## ደረጃ 7፦ ብራቾውን መመለስ

1. ብራቾውን ወደ ሻንሲው አስገቡ፣ ቡሎኖቹን በእጅ አስጀምሩ። ጥርሱ ሲከብድ በመፍቻ አታስገድዱ፤ ብራቾውን አወዛውዛችሁ ቀዳዳውን አስተካክሉ።
2. የሻንሲውን ቡሎኖች እስኪነካ ድረስ ብቻ አጥብቁ፤ የውስጥ ቱቦው ገና መዞር መቻል አለበት።
3. ቴስቲናውን አስገቡና በመመሪያው ቶርክ ሙሉ በሙሉ አጥብቁ። ይህ የሚጠማዘዝ ላስቲክ ስለሌለው አሁኑኑ ይጠናቀቃል። ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚገባ የሽቦ ፒን) የሚገባበት ዳዶ ከሆነና ቀዳዳው ካልገጠመ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አትመልሱ።
4. ቴስቲናው ሲጠብቅ እግሩ አብሮ ከዞረ፣ ከብራቾው ሥር በክሪክ ቀስ ብላችሁ ገፋ አድርጉ፤ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል።
5. ሊንኩን መልሱ።

## ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ማጥበቅ

እዚህ ነው ሥራው የሚድነው ወይም የሚበላሸው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ብታጠብቁ የውስጥ ቱቦው በዚያ ማዕዘን ይቆለፋል። መኪናው መሬት ሲነካ ብራቾው ወደ ላይ ይወጣል፣ ላስቲኩም ቆሞ እያለ እንኳ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ጉድጓድ ሲመጣ በዚያ ላይ ይጨመራል። ውጤቱ በወራት ውስጥ ቅድ ነው፤ መኪናው ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆምበትም ጊዜ አለ።

በክሪክ፦ ክሪኩን ከብራቾው ጫፍ፣ ከቴስቲናው አጠገብ (ቴስቲናው ላይ ሳይሆን) በእንጨት አድርጋችሁ አንሱ። ከአክስሉ ጫፍ እስከ ፓራፋንጎው ያለው ርቀት የጻፋችሁት ቁጥር እስኪሆን ድረስ ከፍ አድርጉ፤ 372 ከሆነ 372። ካቫሌቶውን እያያችሁ አንሱ። መኪናው ከካቫሌቶው መነሳት ከጀመረ ወዲያው አውርዱ፤ በዚህ መንገድ አይሆንም።

በመወጣጫ፦ ጎማውን ገጥማችሁ አውርዱ፣ ጥቂት ሜትር ብቻ በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፣ ኮፈኑን ጫን ጫን አድርጉ። ይህን ካልዘለላችሁት ጎማው ተጠግቶ የቆመበት መወጠር ይለቃል። ከዚያ መወጣጫው ላይ አውጥታችሁ፣ ኋላውን በታኮ አስራችሁ፣ ከሥር አጥብቁ። ከክሪኩ ይልቅ አስተማማኙ ይህ ነው።

ቶርኩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ከራሳችሁ መኪና መመሪያ ውሰዱ። በብዙ መኪና ከ100 ኒውተን ሜትር ስለሚያልፍ በአጭር መፍቻ «በስሜት» አይደረስም። በዲግሪ የሚጨርስ ከሆነ መጀመሪያ ቶርኩን፣ ቀጥሎ ዲግሪውን፤ የቡሎኑን ጭንቅላት በቀለም ምልክት አድርጉበትና ተከታተሉ።

## ደረጃ 9፦ መሞከርና የሚቀር ጉድለት

የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ በመስቀል ቅደም ተከተል በመመሪያው ቶርክ አጥብቁ። በቀስታ ነድታችሁ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ያዙ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹን በቶርክ ሬንች ዳግም ፈትሹ፤ አንድ ጊዜ የሚያገለግለውን ባለ ዲግሪ ቡሎን ግን አትጨምሩበት፣ ምልክቱ አለመንቀሳቀሱን ብቻ እዩ።

- ድምፁ ያው ነው፦ ቡሎኑ በቂ አልጠበቀም፣ ወይም ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የሊንክ ወይም የአሞርዛተር የላይ መያዣ ነበር።
- በፍሬን ይስባል፦ የአንዱ ጎን ቦኮላ ክፍት ቀዳዳው ዞሯል። ሁለቱን ጎን ከሥር ሆናችሁ አነጻጽሩ።
- አንድ ጎን ከፍ ብሎ ቆሟል፦ ተንጠልጥሎ ጠብቋል። የሻንሲውን ቡሎኖች አላልታችሁ ደረጃ 8ን ድገሙ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰበት ላስቲኩ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ቡሎኑ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ በአዲስ ተኩት።
- መሪው መሐል አይቆምም፦ አላይመንቱ ተነክቷል።

አላይመንት ይህ ጉድለት ባይታይም መሠራት አለበት። ከዚያ በፊት ረጅም መንገድ አትውጡ፤ የተሳሳተ አላይመንት ጎማውን ከጠርዙ መብላት የሚጀምረው በቶሎ ነው። አላይመንት የሚሠራው ሰው የብራቾውን ቡሎን ሊያላላ ከፈለገ መልሶ የሚያጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ መሆኑን እዩ።